ተሸንፋ የማታውቅ ልጅ

ልጄ ኤልዳና ዐሥር ዓመቷ ነው። በሕይወቷ አንድም ጨዋታ ተሸንፋ አታውቅም። በሩጫ አንደኛ ናት፤ በኳስ አንደኛ ናት፤ በመኪና እሽቅድድምም አንደኛ ናት። ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር «እማዬ፣ ዛሬም አሸነፍኩ» ትለኛለች። እንደሷ ማየት የማይችሉት የክፍሏ ልጆችም ሁሉም አንደኛ ናቸው። ሁለተኛ የወጣ ዓይነ ስውር ልጅ ደሴ ውስጥ የለም፤ ኮምቦልቻ ብትወርዱም፣ ወልዲያ ብትዘልቁም አታገኙም። ይህንን የምጽፈው ነገሩን እንዲህ ያደረጉትን ሰዎች ልሰድብ ነው፤ ስድቡን ግን በሥርዓት አቀርበዋለሁ።

ሄራን እባላለሁ። እኔም ልጄም ከተወለድን ጀምሮ አናይም። አባቷ ያያል፤ እሱ ሰመራ ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ከተማችን በ2061 ዓ.ም. ወደ ብርሃን ተሸጋገረ። ብርሃን የሲስተም ስም ነው፤ አውቶቡሱም፣ ክሊኒኩም፣ የውሃ ቧንቧውም፣ የቤት በሩም በሱ ነው የሚሠራው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። እንደኔ ያለችዋን ሴት ስልኳን በከፈተች ቁጥር «ወደ ብርሃን እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰው ወይ አያስብም፣ ወይ ይቀልዳል።

በክብካቤ መዝገብ ላይ ስማችን ለሰፈረ ሰዎች ብርሃን መሪ ይሰጠናል። መሪ ጆሯችን ውስጥ የሚኖር ድምፅ ነው። ጠዋት ስነሳ ቀድሞኝ ነቅቷል። «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሄራን፤ ዛሬም በጽናት ተነሥተዋል» ይለኛል። ከአልጋ መውረድ ጽናት ሆነና አረፈው። የካልሲዬን ቀለም ይነግረኛል፤ በዚህ አልጠላሁትም። ደረጃ ስወርድ ግን ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል። የሠሩት ሰዎች ለየአገሩ ባህል አስማምተነዋል ይላሉ፤ ከኛ አገር ባህል ሁሉ መርጠው የወሰዱት ከንፈር መምጠጥን ነው። አንድ ጊዜ ይህን ብቻ አጥፉልኝ ብዬ አመለከትኩ። «የርኅራኄ አገልግሎት ሊቋረጥ አይችልም» አሉኝ።

ከቤት ስወጣ መኪኖች ሁሉ ይቆሙልኛል። የሚነዳቸው ሰው የለም፤ የሚያስቆማቸው መዝገቡ ነው። እግሬ አስፋልት ሲነካ መንገዱ በሙሉ ጸጥ ይላል። ይህንን የሚያዩ ሰዎች እንባ ይተናነቃቸዋል ይባላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም።

ሥራዬ ፍርድ ቤት ነው። ማሽን የጻፈውን ቃለ ጉባኤ ከድምፁ ጋር እያመሳከርኩ አርማለሁ። ዋርካ በሚባለው በድሮው ሲስተም ሳለን ንባቡን የማዳምጠው በጣም በፍጥነት ነበር፤ አጠገቤ ያለ ሰው ቢሰማው ንብ የሚተም እንጂ አማርኛ አይመስለውም። ብርሃን ይህንን ከለከለ። የአክብሮት ፍጥነት የሚሉት አላቸው። እያንዳንዱን ቃል ለበሽተኛ እንደሚነበብ አድርጎ እያዘገመ ያነብልኛል። በአንድ ቀን የምጨርሰው ሥራ አሁን ሳምንቱን ይበላል። ለአለቃዬ ባማርር «አይዞሽ፣ አንቺን ማን ያጣድፍሻል» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እኔን የሚያቃጥለኝም ማንም ክፉ አለመሆኑ ነው።

ወደ ጨዋታው ልምጣ። ብርሃን ላይ ያሉት ጨዋታዎች በሙሉ የሚሠሩት በሥዕል ነው። ዓይነ ስውር ልጅ ስትከፍታቸው መሪ ይገባና ይጫወትላታል። «አሁን እየሮጥሽ ነው፤ አሁን ዘለልሽ፤ ጎበዝ! አሸነፍሽ!» ይላታል። ከዚያ ጭብጨባ ይሰማል። የልጅቷ ድርሻ መቀመጥ ነው። ተደራሽ ጨዋታ የሚሉት ይህንን ነው፤ ተሸልመውበታልም።

ብዙ ነገር ችያለሁ። ይህንን ግን አልቻልኩም። ልጄ ሶፋው ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ ሌላው ሲጫወትላት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ነገ ኑሮ ሲመታት፣ ጓደኛ ስትከዳት፣ ሥራ ስትነፈግ ምን ልታደርግ ነው? ቁጭ ብላ ጭብጨባ ልትጠብቅ? ሽንፈት እንደ ኩፍኝ ነው፤ በልጅነት ወጥቶ ካላለፈ በትልቅነት ይጥላል። ልጄ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በራሷ እጅ እንድትሸነፍ ፈለግሁ። ይህ ብዙ ነው?

እኔ ያደግኩት በኩኩሉ ነው። ድብብቆሹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ የሚደበቁት «አልነጋም!» እያሉ ይሸሸጋሉ። የማናይ ልጆች ዳር ቆመን ሌሎች ሲጫወቱት የምንሰማው ነገር ነበር። ጋሽ እንድሪስ የሚባል የኮምቦልቻ ሰው፣ እሱም እንደኛው የማያይ፣ በወጣትነቱ በድምፅ ብቻ የሚሠራ ኩኩሉ ሠራልን። ሥዕል የሚባል የለባትም። የድሮዋ ደሴ ተቀድታ እዚያ ውስጥ አለች፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ሸዋ በር ላይ የሚጯጯኹት የታክሲ ረዳቶች፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ ተራ የሚያስነጥሰው ሰው ሁሉ። ተጫዋቹ የሚደበቀው ድምፅ ውስጥ ነው። ጣሪያው የሚንኳኳ ቤት ሥር ከቆማችሁ ትንፋሻችሁ አይሰማም። ወፍጮ ቤቱን ተጠግታችሁ ከተሸሸጋችሁ እግራችሁ አይሰማም፤ ወፍጮው የቆመ ለታ ግን አለቀላችሁ። ፈላጊው አንድ ጊዜ «ኩኩሉ» ብሎ የመጣራት መብት አለው፤ የተደበቀው የግድ «አልነጋም» ብሎ መመለስ አለበት። ያችን አንዲት መልስ የት እንደምትሸጉጧት ማወቅ ነው ጨዋታው።

ስንቴ ተይዤ አልቅሻለሁ! የሐይቅ ከተማ ልጆች ነበሩ፣ ከቤታቸው ሳይወጡ ጨዋታው ውስጥ አራት ሆነው አንድ ክረምት በሙሉ ያሳደዱኝ። ንዴቱ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ከነሱ አንዷ ዛሬ የልብ ጓደኛዬ ናት።

ጋሽ እንድሪስ ዕድሜውን የፈጀው ኩኩሉን ከሲስተም ወደ ሲስተም ሲያሻግር ነው። ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ አሻገራት። ስልኩ ሲለወጥ አሻገራት። ዋርካ ሲመጣም አሻገራት። አሁን ዋርካ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል ተባለ። ልጆች ደግሞ መጀመሪያም ዋርካን እንዲነኩ አይፈቀድም፤ የልጅ ጆሮ የሚመዘገበው በብርሃን ብቻ ነው። ኤልዳና ኩኩሉን እንድትጫወት ከተፈለገ ኩኩሉ ብርሃን ላይ መግባት አለባት፤ ሌላ መንገድ የለም። በሚያዝያ በሐረጎ ቁልቁለት መንገድ ተጠማዝዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ለልጄ ነው» አልኩት።

«ለልጅሽ ባይሆንም አሻግራት ነበር» አለኝ ጋሽ እንድሪስ፤ «ግን እንኳን መጣሽ። አብሮኝ ቁጭ ብሎ የሚሳደብ ሰው እፈልጋለሁ። ብቻዬን ስሳደብ ዘምዘም ትቆጣለች።»

ዘምዘም ሚስቱ ናት፤ እሷ ታያለች። «እኔ የምቆጣው በረመዳን ሲሳደብ ነው» አለች ከጓዳ።

ስድብ አላነሰንም። ጋሽ እንድሪስ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ብርሃን በአክብሮት ፍጥነት እያዘገመ ያነብለታል። የተሳሳተ እንደሆነ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ «አብሽሩ፣ ሁሉም ሰው ይሳሳታል» ይለዋል። የወሎ ሰው መሆኑን አውቆ አብሽሩ ማለት ተምሯል። «ወላሂ፣ ይሄ ነገር ጀርባ ቢኖረው በከዘራ ነበር የምለው» ይላል ጋሽ እንድሪስ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረድኩ እኔ አዳምጣለሁ፣ እሱ ያስተካክላል። ዝናቡ በቀኝ ሲወርድ በግራ ይሰማል፤ ረዳቶቹ ጉድጓድ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። ግንቦት ሲጋመስ አንድ ከሰዓት በኋላ ጆሮዬ ላይ የሸዋ በር ጩኸት ከነሕይወቱ መጣ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ጋሽ እንድሪስ በሳቅ ፈነዳ፤ ዘምዘም ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች።

ብርሃን ላይ የሚገባ ጨዋታ ሁሉ መጀመሪያ ይመረመራል። መርማሪው ሰው አይደለም። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ጨዋታው ባዶ ስክሪን ያሳያል። የተበላሸ ስለሆነ ተመልሷል።» ለማያይ ሰው ነው የተሠራው ብለን አስረዳን። «ለማያዩ ዜጎች የሚሠሩ ጨዋታዎችም ከሌላው ያላነሰ ሥዕል ይገባቸዋል» አለን። ንግግሩ እንዴት እንደሚያምር እዩልኝ! ዘምዘም ጓሮ ወጥታ አውራ ዶሮዋን ፎቶ አነሳችና ለጠፍንበት። ዶሮው አለፈ። ጨዋታው ግን እንደገና ወደቀ። የመሪ በር የላትም ተባለ። ለማያይ ሰው የተሠራ ጨዋታ ሁሉ መሪ ገብቶ የሚጫወትበት በር ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱንም ነገሩን፤ ኩኩሉ «ባለ ልዩ ክብካቤ ተጠቃሚን ለሽንፈት ታጋልጣለች»።

ድብብቆሽ ውስጥ መሪ ሲገባ አስቡት። ማን የት እንደተሸሸገ አንድ በአንድ የሚያውቅ ነገር ጆሯችሁ ውስጥ ተቀምጦ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ናት፤ እንኳን ደስ ያለዎት» ሲላችሁ!

ከጋሽ እንድሪስ ጋር ሆጤ ሰፈር ወደሚገኘው የተደራሽነት ማረጋገጫ ቢሮ ሄድን። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሶልያና ትባላለች። ገና ከበሩ ሳንዘልቅ ተነሥታ ክንዴን ያዘችና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ወንበር ራሴ አገኛለሁ ብላት «ኧረ ምን ችግር አለው፣ የኔ እናት» አለችኝ። እኔ እርስዎ እላታለሁ፣ እሷ አንቺ ትለኛለች።

«እስኪ ንገሩኝ» አለች፤ «መሸነፍ ማንን ደስ ይለዋል?»

«ማንንም ደስ አይለውም» አልኳት። «ማሸነፍ ደስ የሚለው ለዚያ ነው።»

«እናንተ እኮ በኑሮ ብዙ ተፈትናችኋል። በጨዋታ ደግሞ ለምን ትፈተናላችሁ?»

«የርስዎ ልጆች ሲጫወቱ ይሸነፋሉ?»

«ይሸነፋሉ እንጂ። ትንሹማ ሲሸነፍ ቤት አይበቃውም፤ ዕቃ ሁሉ ይወረውራል።» ሳቀች። «የነሱ ግን ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

 ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። በሩን ይክፈቱለትና መሪው ለጀማሪ ብቻ ይግባ። ዛሬውኑ አጸድቅልዎታለሁ።»

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለ ጋሽ እንድሪስ።

«እኔ ሕጉን አላወጣሁትም። ለናንተው ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ለሌላው ሰው የተሠራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ የመሪ በር ብሎ የሚጠይቃችሁም የለም።»

ጋሽ እንድሪስ ብድግ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አላት። ጋሽ እንድሪስ አመስግኖ ሲነሣ ነገር አስቧል ማለት ነው።

ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ዶሮውን ነቀለው። ለዓይነ ስውራን የሚለውን ቃል አወጣው። በምትኩ «የጨለማ ድብብቆሽ፤ ለደፋሮች ብቻ» ብሎ ጻፈበት። ሌላ የቀየረው ነገር የለም፤ ያው ዝናብ፣ ያው ወፍጮ፣ ያው ባዶ ስክሪን። በማግስቱ ጸደቀች። መርማሪው ጨለማውን አድንቆ፣ እጅግ የተዋጣለት ነው ብሏል።

ኤልዳናን ጠራኋት። አጠገቤ አስቀምጫት ስልኳን ከፈትን። መሪ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ኤልዳና፣ ይህ ጨዋታ ለአንቺ ተስማሚ ሆኖ አልተገኘም» አላት። «በምትኩ ሌላ ላሸንፍልሽ?»

ለካ በሩ የተዘጋው በሌላም በኩል ነው። ስሙ በክብካቤ መዝገብ ላይ ያለ ሰው የመሪ በር የሌለውን ጨዋታ መክፈት አይችልም። የኔም አልከፈት አለ። የሠራው ሰው፣ ጋሽ እንድሪስ ራሱ፣ ከጸደቀች በኋላ የገዛ ጨዋታው አልከፈትለት አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቀጥሎ የሆነውን እኔ የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። አለቃዬ አንድ ጠዋት እያዛጋ መጣ፤ እንቅልፍ የነሣኝ ያ የጨለማ ድብብቆሽ ነው አለ። ልጆቹ መጋረጃ ዘግተው፣ ዓይናቸውን በሻሽ አስረው ነው የሚጫወቱት። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ልጅ ሁሉ ይዞታል። «ሄራን፣ እንዴት እንደሚያስፈራ ብነግርሽ አታምኚኝም» አለኝ። «ምንም አይታይም እኮ! በጆሮ ብቻ!» ወሬውን ሲጨርስ ነገሩ ትዝ አለውና ደነገጠ። ወዲያው ሻይ ላምጣልሽ አለኝ።

አገሩ በሙሉ ለመዝናናት ብሎ ለአንድ ሰዓት ዕውር ይሆናል፤ ዕውሩ ግን ውጭ ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ነገሩን ሳመነዥክ ነጋ። ቁጣዬን የማሳርፍበት ሰው ፈለግሁና አጣሁ። ሁሉም ያዝንልኛል። የሚያዝንልህን ሰው እንዴት ትመታዋለህ?

እንደገና ሆጤ ሄድኩ። ወይዘሮ ሶልያና ልጆቿ ኩኩሉን እንደሚወዱ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ መንገድ አለ አለችኝ፤ ወላጅ ከፈለገች የልጇን ስም ከክብካቤ መዝገብ ማስወጣት ትችላለች። ልጅቷ ያኔ እንደማንኛውም ሰው ትጫወታለች።

«ግን እንዳትሳሳቺ» አለች። «መሪም አይኖራት። መኪናም አይቆምላትም።»

ለጋሽ እንድሪስ ደወልኩለት። እሱ ስሙን በነጋታው አስወጣ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ቢገጨኝም የበላሁትን በልቻለሁ» አለኝ። «የልጅሽን ነገር ግን አልመክርሽም። ከጠየቅሽኝ ለጨዋታዬ ስል ውሸት ነው የምነግርሽ።»

ለልጄ ሳልነግር ልወስን አሰብኩ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ስለሷ ሳይጠይቋት የሚወስኑ ሰዎች መቼ አነሱና ነው እኔ የምጨመረው? ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ወስጄ አስቀመጥኳት።

«ኤልዱ» አልኳት፤ «የምታሸንፊው እኮ አንቺ አይደለሽም። መሪ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አንድ ቀን ስልኩን ትቼ ሽንት ቤት ሄድኩ። ስመለስ አሸንፌ ነበር።»

«ታዲያ በየቀኑ አሸነፍኩ የምትይኝ ምን ሆነሽ ነው?»

እግሯን ታወዛውዛለች። «አንቺ ደስ እንዲልሽ ነዋ። ሁልጊዜ ተናደሽ ነው ከሥራ የምትመጪው።»

የዐሥር ዓመት ልጄ ስታዝንልኝ ኖራለች። እኔ መሪን ስረግም እሷ የኔ መሪ ሆና ትጫወትልኝ ነበር። ይህንን ያስተማራት ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ባገኘው ኖሮ ዛሬ ይህንን የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር።

ኩኩሉ ምን እንደሆነች ነገርኳት። ምን እንደሚያስከፍላትም ነገርኳት።

«መኪና አይቆምልኝም ማለት ይገጨኛል ማለት ነው?»

«ካላዳመጥሽ ሊገጭሽ ይችላል። እኔ አስተምርሻለሁ፤ አብረን እንሄዳለን። ግን ሊገጭሽ ይችላል።»

«አንቺ ልጅ ሆነሽ ተገጭተሻል?»

«አንድ ጊዜ ባጃጅ ገጭቶኛል። ክንዴ ተሰብሮ ነበር።»

ክንዴን ፈልጋ ዳበሰችው። ከላይ እስከ ታች፣ አጥንቱን እየቆጠረች። ከዚያ «እሺ» አለች። ለኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፣ እኔ አልቀየምም አልኳት። «ለራሴ ነው» አለችኝ፤ ተቆጣች።

ሰኞ ሦስታችንም፣ ወይዘሮ ሶልያና፣ ልጄና እኔ፣ ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን። ልጄን ብቻዋን ልልካት አልችልምና የኔንም ስም አብራ እንድታወጣው ጠየቅኋት። ደጋግማ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ። ማልቀስ ጀመረች። ማልቀሷ ይበልጥ አናደደኝ።

«አንቺ እናት አይደለሽም?» አለችኝ። «ለጨዋታ ብለሽ?»

«እናትማ ነኝ። ልጄ መኪና እንዲቆምላት ብላ መጫወት መተው አለባት? ሁለቱን አንድ ላይ ያሰራቸው ማን ነው?»

«ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙን ማን ሠራው?»

አሰበች። የምር አሰበች። «አላውቅም፣ የኔ እናት» አለች። ጣቷ መዝገቡ ላይ ሲያርፍ መሪ ጆሮዬ ውስጥ «በጽናት ይሰንብቱ» አለኝና ጠፋ።

ወጣን። ዘንቦ አባርቷል። ከቢሮው እስከ ቤታችን አንድ ሰፊ መንገድ መሻገር አለ። ጠርዙ ላይ ቆምን። የዛሬ መኪና ሞተሩ አይጮኽም፤ የሚሰማው እርጥቡ አስፋልት ላይ የጎማው ድምፅ ነው። ለዓመታት ጸጥ ሲልልኝ የነበረው መንገድ ለካ ይህን ያህል ጫጫታ ነበረው። የኤልዳናን እጅ ጨምቄ ያዝኩ፤ በላብ ርሷል፤ የሷ ይሁን የኔ አልለየሁም። «አሁን!» አለችኝና እግሯን አነሳች። ሳብኳት። አንድ ነገር ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ነፋሱ ቀሚሴን አውለበለበው። በሕይወቷ መኪና ጡሩምባ ነፍቶባት አያውቅም።

«ከኋላው ሌላ አለ ወይ?» አልኳት።

አዳመጠች። «የለም። አዎ፣ የለም።»

ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ደረስን። እዚያው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጀግንነት የተሰማኝ እንዳይመስላችሁ፤ የተሰማኝ ንዴት ነው። የልጄን አጥንት ለድብብቆሽ አስይዤ መንገድ የምሻገር ሴት ያደረጉኝን ሰዎች፣ በየቢሯቸው በደግነት ተቀምጠው የሚያለቅሱትን፣ አንድ በአንድ ረገምኳቸው። ኤልዳና እርግማኑን እየሰማች ትስቅ ነበር።

ቤት እንደገባን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩን ከፈተች። ኩኩሉ ተከፈተች። የደረሳት ፈላጊ አንድ የጅማ ልጅ ነው፤ ዓይኑን በሻሽ ያሰረ፣ መንገድ የሚደናበር፣ ሰባት ጊዜ ግድግዳ የሚገጭ። እኔ በኤልዳና ዕድሜ ብሆን እንቅልፍ ይዞኝም አያገኘኝም ነበር። ልጄ ቆርቆሮው ሥር ሄዳ ተሸሸገች፤ ቦታውን ማንም አልነገራት፣ ጎሽ አልኩ በሆዴ። ልጁ «ኩኩሉ!» ብሎ ተጣራ። ኤልዳና ዝናቡ እስኪከብድ አልጠበቀችም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ መድረክ ላይ እንዳለች ሁሉ፣ «አልነጋም!» ብላ ጮኸች። የጅማው ልጅ በቀጥታ መጥቶ ያዛት።

ጭብጨባ የለም። «ተይዘሻል» የሚል የወጣት ድምፅ ብቻ፤ ጋሽ እንድሪስ የዛሬ አርባ ዓመት የቀዳው።

ኤልዳና ጠበቀች። «ምንድን ነው? አሸነፍኩ?»

«ተሸነፍሽ።»

«አጭበርብሯል!»

«አላጭበረበረም። ጮክ ብለሽ መለስሽ።»

«አንቺ ነሽ! አጠገቤ ስትተነፍሺ ነው የሰማኝ!» ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ትራሱን በጡጫ መታችው። ሳጓን ውጣ ልታፍነው ሞከረች፤ አልቻለችም፤ አለቀሰች፤ እያለቀሰች የጅማውን ልጅ ሰደበችው፣ እኔንም አልማረችኝም። እጄ ሊያቅፋት ተነሣ። አይዞሽ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። መልሼ ዋጥኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የመረረኝ ነገር የለም።

«ውጪልኝ!» አለችኝ። «ብቻዬን ነው የምጫወተው!»

ወጣሁ። በሩን በላዬ ላይ ደፍታ ዘጋችው። ከውስጥ ትራስ ሲመታ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ደግሞ ትራስ ሲመታ እየሰማሁ ሽንኩርት ከተፍኩ። እራት ቀርቧል ብዬ ጠራኋት።

«ቆዪ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ገና እየተሸነፍኩ ነው!»